የንግድ መዝገብን በቴፕ ስለ ማቆየት
ለዳታቤዝና ለሰርቨር መጠባበቂያ ቅጂ የቴፕ ድራይቭ ድልድል እንዴት ይወሰናል?

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶች አነጋገር ለነጋዴ ከማንም ይልቅ የቀረበ ነው። ነጋዴ ያበደረውንና የተበደረውን፣ ያስገባውንና ያወጣውን፣ ለመንግሥት የከፈለውንና የቀረበትን የሚያውቀው በመዝገቡ ነው። መዝገቡ የጠፋበት ነጋዴ ዕቃው በመጋዘን ሞልቶ ቢገኝ እንኳ ዕዳውን ለመጠየቅም ሆነ ከተጠየቀው ዕዳ ለመዳን ማስረጃ የለውም። ዛሬ ይህ መዝገብ በአብዛኛው ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ተዛውሯል፤ በመዛወሩም የመጥፋቱ አደጋ መልኩን ለወጠ እንጂ አልቀረም።

የደቡብ ወሎ ነጋዴ ይህን ከሌላ ሰው ታሪክ ሊማረው አያስፈልገውም። በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት ማገባደጃ እስከ ኅዳር ማገባደጃ ድረስ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ምክንያት ከመንግሥት እጅ ወጥተው በቆዩበት ጊዜ፣ ፋብሪካዎች፣ መሥሪያ ቤቶች፣ የባንክ ቅርንጫፎችና የወሎ ዩኒቨርሲቲ ሳይቀሩ ተዘርፈዋል፤ ኮምፒዩተሮቻቸውም ከዘረፋው አላመለጡም። በዚያን ጊዜ አንድ ነገር በግልጽ ታየ። የባንክ ቅርንጫፍ ቢዘረፍ የደንበኛው ሒሳብ በማዕከል ተመዝግቦ ስለ ነበረ ገንዘቡ ከስሙ አልጠፋም፤ የዱቤ መዝገቡ በሱቁ ውስጥ በምትገኝ በአንዲት ኮምፒዩተር ላይ ብቻ የነበረበት ነጋዴ ግን ከኮምፒዩተሩ ጋር የብዙ ዓመት ሥራውን አብሮ አጥቷል።

ከዚህ የሚቀጥለው ትምህርት የመጣው በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። በሐምሌ ማገባደጃ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በብዙ ቦታዎች ለበርካታ ወራት ሳይመለስ ቆየ። ስለዚህ «መዝገቤ በሩቅ አገር ባለ የኢንተርኔት ማከማቻ ተቀምጧልና አያሳስበኝም» የሚል ነጋዴ፣ መዝገቡ በደኅና ቢቀመጥም ሊደርስበት የማይችልበት ጊዜ መኖሩን ሊያስብ ይገባዋል። መዝገብ በሩቅም በቅርብም ሊኖር ይገባል ማለት ነው። በመካነ ሰላም፣ እንዲሁም በዓባይና በበሽሎ መካከል ባሉት የደቡብ ወሎ ደጋ ወረዳዎች ለሚነግድ ሰው ነገሩ ይበልጥ ይጠነክርበታል፤ ከማዕከል የሚያገናኘው አንድ መንገድና አንድ መስመር ሲሆን፣ ያ መስመር በተቋረጠ ጊዜ የሚተማመነው በእጁ ባለው ብቻ ነውና።

ቴፕ ዛሬም ለምን ይፈለጋል?

ማግኔት ቴፕ ለኮምፒዩተር መዝገብ ማከማቻነት ሥራ ላይ መዋል የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1951 ዩኒቫክ በተባለው ኮምፒዩተር ነው፤ በሚከተለውም ዓመት አይ ቢ ኤም የራሱን የቴፕ መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ ዲስክ ተፈልስፎ ቴፕ ያለፈበት ነው የሚል ንግግር በየጊዜው ተሰምቷል። ይሁን እንጂ ብዙ መዝገብ ያላቸው ባንኮች፣ የቴሌኮሙኒኬሽን ድርጅቶችና የምርምር ተቋማት በዓለም ዙሪያ ዛሬም ይጠቀሙበታል። ምክንያቱም ሦስት ነው።

አንደኛው ዋጋው ነው። ድራይቩ ራሱ ውድ ሲሆን ካርትሪጁ ግን ርካሽ ስለ ሆነ፣ መዝገቡ በበዛ መጠን በአንድ ቴራባይት የሚወድቀው ወጪ እያነሰ ይሄዳል። ሁለተኛው ዕድሜው ነው። ከሙቀትና ከእርጥበት ተጠብቆ በደኅና የተቀመጠ ቴፕ እስከ 30 ዓመት ሊቆይ እንደሚችል አምራቾቹ ይገልጻሉ። ሦስተኛውና ዋነኛው ግን ከመሣሪያው ወጥቶ በመደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ቴፕ ከማንኛውም መስመር ጋር ያልተያያዘ መሆኑ ነው። በኔትወርክ ገብቶ መዝገብን በመቆለፍ የማስለቀቂያ ገንዘብ የሚጠይቅ ወንበዴ በመደርደሪያ ላይ ወዳለ ካርትሪጅ የሚደርስበት መንገድ የለውም።

ለዚህ የታወቀ ምሳሌ አለ። በየካቲት 2003 ዓ.ም. የጉግል ኩባንያ አዲስ ፕሮግራም ሲተክል በተፈጠረ ስሕተት ከኢሜል ደንበኞቹ ጥቂቶቹ ደብዳቤዎቻቸውን በሙሉ አጡ። ኩባንያው መዝገቡን በበርካታ ዲስኮች ላይ ደጋግሞ ያስቀመጠ ቢሆንም ስሕተቱ ዲስኮቹን ሁሉ ነክቶ ነበር። ደብዳቤዎቹ የተመለሱት ከመስመር ውጭ ከተቀመጠው ቴፕ ነው።

በአሁኑ ጊዜ በሰፊው የሚሠራበት የቴፕ ዓይነት ኤል ቲ ኦ ይባላል። በ2000 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የወጣው የመጀመሪያው ትውልድ 100 ጊጋባይት ይይዝ ነበር። በ2017 የወጣው ስምንተኛው ትውልድ 12 ቴራባይት ይይዛል፤ በሴኮንድም 360 ሜጋባይት ይጽፋል። በ2021 የወጣው ዘጠነኛው ትውልድ 18 ቴራባይት ይዞ በሴኮንድ 400 ሜጋባይት ይጽፋል።

አስመጪዎች ዕቃውን ሲያዝዙ ሁለት ነገር ሊያስተውሉ ይገባል። በስምንተኛው ትውልድ ካርትሪጅ ላይ «30 ቴራባይት» የሚል ጽሑፍ ይገኛል፤ ይህ ግን መዝገቡ ተጨምቆ በሁለት እጥፍ ተኩል እንደሚያንስ ታስቦ የተጻፈ ቍጥር ነው እንጂ የካርትሪጁ እውነተኛ መጠን 12 ቴራባይት ነው። ቀድሞ የተጨመቀ ወይም በምስጢር ቍልፍ የተቆለፈ ዳታቤዝ ደግሞ ዳግመኛ አይጨመቅም። ሁለተኛ፣ እስከ ሰባተኛው ትውልድ ድረስ አንድ ድራይቭ ከእርሱ በፊት የነበሩትን የሁለት ትውልዶች ቴፖች ማንበብ ይችል ነበር፤ ስምንተኛው ግን የሚያነበው የራሱንና የሰባተኛውን ብቻ ነው። የስድስተኛ ትውልድ ካርትሪጆች በመጋዘኑ ያሉት ድርጅት የስምንተኛ ትውልድ ድራይቭ ገዝቶ አሮጌውን ቢሸጥ የቀድሞ መዝገቡን ራሱ በራሱ ላይ ዘጋበት ማለት ነው።

የድልድሉ ነገር ከምን ይነሣል?

አንድ ድራይቭ በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ ካርትሪጅ ብቻ ነው። አራት ድራይቭ ያለው ድርጅት በአንድ ሰዓት ላይ ከአራት ካርትሪጅ በላይ ሊጽፍ ወይም ሊያነብ አይችልም። ነገሩ አራት ሚዛን ብቻ ካለው የእህል ገበያ ጋር ይመሳሰላል። አንድ ጅምላ ነጋዴ በማለዳ መጥቶ አራቱንም ሚዛን ቢይዝ፣ አንድ ቁና ገብስ ይዛ የመጣች ባልቴት ፀሐይ እስክትጠልቅ ቆማ ትውላለች። ገበያውን የሚያስተካክለው ሚዛን መጨመር ብቻ አይደለም፤ ማን ስንት ሚዛን፣ ለምን ያህል ጊዜ ሊይዝ እንደሚችል መወሰን ነው።

በዚህ ገበያ ውስጥ ጅምላ ነጋዴው ዳታቤዝ ነው። ዳታቤዝ የሽያጩን፣ የግዥውን፣ የዱቤውንና የክምችቱን መዝገብ በአንድነት የያዘ ትልቅ ፋይል ሲሆን፣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ እጅግ ብዙ መዝገብ በማያቋርጥ ፈሳሽ ሊልክ ይችላል። ከዚህም ሌላ በቀን ውስጥ የተደረገውን እያንዳንዱን የሽያጭ ለውጥ የሚመዘግብ የለውጥ መዝገብ አለው፤ ይህም በየሰዓቱ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ሊገለበጥ ይገባል። ሌሎቹ ሰርቨሮች ደግሞ ደብዳቤን፣ ደረሰኝን፣ የጉምሩክ ሰነድንና ፎቶግራፍን የመሳሰሉ እልፍ ትንንሽ ፋይሎችን የያዙ ናቸው። እያንዳንዱን ፋይል ፈልጎ መክፈትና መዝጋት ጊዜ ስለሚወስድ ከአንድ ሰርቨር የሚመጣው ፈሳሽ ቀጭንና የሚቆራረጥ ነው። የሁለቱ ጠባይ የተለያየ ስለ ሆነ ድልድላቸውም አንድ ዓይነት ሊሆን አይችልም።

አራቱ ወሰኖች

በልዩ ልዩ የመጠባበቂያ ፕሮግራሞች ስማቸው ቢለያይም የሚወሰኑት ነገሮች አራት ናቸው።

የመጀመሪያው የድራይቭ ብዛት ወሰን ነው። አንድ የሥራ ዓይነት በአንድ ጊዜ ስንት ድራይቭ ሊይዝ እንደሚችል ይደነግጋል። በአይ ቢ ኤም ፕሮግራም «ማውንት ሊሚት» ይባላል፤ ማንም ካልቀየረው ያሉትን ድራይቮች ሁሉ ለመያዝ የሚፈቅድ ነው። በዚያው ፕሮግራም እያንዳንዱ ደንበኛ ኮምፒዩተር የሚይዘው የድራይቭ ብዛት ለብቻው ይወሰናል፤ ካልተቀየረ አንድ ነው። በኔትባክአፕ ፕሮግራም ይኸው ወሰን በአንድ ጊዜ የሚጽፉ ድራይቮች ብዛት ተብሎ ይሰየማል። ኦራክል ዳታቤዝን በአርማን ለሚገለብጥ ደግሞ የሚቆጠሩት «ቻነል» የተባሉት ናቸው፤ እያንዳንዱ ቻነል አንድ ፈሳሽ ስለ ሆነ፣ ሁለት ዳታቤዞች እያንዳንዳቸው ሁለት ቻነል ከፍተው በአንድ ሰዓት ቢነሡ የሚፈልጉት አራት ድራይቭ ነው። ወሰኑ በሁለት ቦታ በተጻፈ ጊዜ የሚገዛው አነስተኛው ቍጥር ነው። ይህን ያላወቀ ባለሙያ አንዱን ከፍ አድርጎ ሥራው ለምን እንዳልፈጠነለት ሲመረምር ሊውል ይችላል።

ሁለተኛው በአንድ ድራይቭ ላይ የሚቀላቀሉ ፈሳሾች ብዛት ነው። ቴፕ በፍጥነት የሚሮጥ ነገር በመሆኑ የሚመጣለት መዝገብ ካነሰው ፍጥነቱን ይቀንሳል። ከሙሉ ፍጥነቱ ከሦስት እጅ አንድ እጅ ገደማ ባነሰ ጊዜ ግን ሊቀንስ ስለማይችል ይቆማል፤ ወደ ኋላ ይመለስና እንደገና ይነሣል። ሊስትሮ ጨርቁን በጫማ ላይ ወዲያና ወዲህ እንደሚያመላልሰው ቴፑ በማንበቢያው ላይ ይመላለሳል፤ በዚህም ቴፑም ድራይቩም ያልቃሉ፤ ሥራውም ይዘገያል። መድኀኒቱ ከብዙ ሰርቨሮች የሚመጡትን ቀጫጭን ፈሳሾች በአንድ ድራይቭ ላይ ማቀላቀል ነው። ይሁን እንጂ ማቀላቀል ዋጋ አለው። የአራት ሰርቨሮች መዝገብ በአንድ ቴፕ ላይ ተፈራርቆ ከተጻፈ፣ የአንዱን ብቻ ለመመለስ በተፈለገ ጊዜ ድራይቩ የሦስቱንም እያለፈ ማንበብ አለበት። ስለዚህ ለሰርቨር ማቀላቀል ጥሩ ነው፤ በቶሎ መመለስ ለሚገባው ዳታቤዝ ግን አንድ ፈሳሽ ለአንድ ድራይቭ መስጠት ይበልጣል።

ሦስተኛው የጊዜ ወሰን ሲሆን ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ሥራው ድራይቭ እስኪለቀቅ ምን ያህል እንደሚጠብቅ ነው፤ ሌላው ሥራ ካለቀ በኋላ ካርትሪጁ በድራይቩ ውስጥ ምን ያህል ሳይወጣ እንደሚቆይ ነው። በአይ ቢ ኤም ፕሮግራም ማንም ካልቀየራቸው ሁለቱም 60 ደቂቃ ናቸው። ካርትሪጁ ሥራ ፈትቶ በድራይቩ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ከተቀመጠ ድራይቩ የሚሠራ መስሎ ይታያል፤ ጥቂት ድራይቭ ላለው ድርጅት ይህን ወደ ጥቂት ደቂቃ ማውረድ ይመከራል። የሚጠብቁበትን ጊዜ ግን ከፊተኛው ሥራ ርዝመት ማሳነስ አይገባም፤ ካነሰ ኋለኛው ሥራ ተራው ሳይደርስ ይወድቃል።

አራተኛው ለመመለስ የሚጠበቅ ድራይቭ ነው። ብዙ ድርጅቶች የሚረሱት ይህን ነው። ሁሉም ድራይቭ በመጻፍ ተይዞ ሳለ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ በስሕተት የወሩን ሽያጭ ቢሰርዝ፣ መልሶ ለማንበብ የሚሆን ድራይቭ አይገኝም። መጠባበቂያ የሚደረገው ለመመለስ ነውና፣ ከድራይቮቹ አንዱን በማንኛውም ጊዜ ለመመለስ ነጻ አድርጎ ማቆየት፣ የዳታቤዙን የቀን ለውጥ መዝገብም በእርሱ ላይ ማሳለፍ መልካም ሥርዓት ነው።

በቍጥር የቀረበ ምሳሌ

አንድ አስመጪ ድርጅት አራት የስምንተኛ ትውልድ ድራይቮች አሉት እንበል። ዳታቤዙ 5.4 ቴራባይት፣ የሌሎቹ አራት ሰርቨሮች መዝገብ በድምሩ 3.6 ቴራባይት ነው። ሥራው የሚፈቀደው ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ ማለትም ለ8 ሰዓት ነው። ዳታቤዙ ያለበት ዲስክ በሴኮንድ 500 ሜጋባይት ይሰጣል፤ እያንዳንዱ ሰርቨር ደግሞ 60 ሜጋባይት ይሰጣል።

ወሰን ሳይደረግ የቀረ እንደ ሆነ ዳታቤዙ አራት ቻነል ከፍቶ ከምሽቱ 4 ሰዓት አራቱንም ድራይቭ ይይዛል። ዲስኩ የሚሰጠው 500 ሜጋባይት ለአራት ሲከፈል ለእያንዳንዱ ድራይቭ የሚደርሰው 125 ሜጋባይት ነው፤ ይህም ቴፑ መመላለስ ከሚጀምርበት አፋፍ ላይ ነው። ሥራው የሚያልቀው ከ3 ሰዓት በኋላ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሲሆን፣ ድራይቭ የሚጠብቁት ሰርቨሮች የ60 ደቂቃ የመጠበቂያ ጊዜያቸው ስላለፈ ከምሽቱ 5 ሰዓት ወድቀው ቀርተዋል። ይህ በየሌሊቱ ይደገማል። ጧት የሚመጣው ሠራተኛ የዳታቤዙን መሳካት አይቶ ይደሰታል፤ የጉምሩክ ሰነዶቹና የደረሰኞቹ ቅጂ ከተወሰደ ግን ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። ይህም የሚታወቀው ሰነዱ በተፈለገ ቀን ነው።

አሁን ወሰን ይደረግለት። ለዳታቤዝ ሁለት ድራይቭ ያለ ማቀላቀል፣ ለሰርቨሮች አንድ ድራይቭ በአራት ፈሳሽ ቅልቅል፣ ለመመለስና ለቀን ለውጥ መዝገብ አንድ ድራይቭ ይሰጣል። ዳታቤዙ በሁለት ድራይቭ ለእያንዳንዱ 250 ሜጋባይት እየላከ 5.4 ቴራባይቱን በዚያው በ3 ሰዓት ይጨርሳል። ድራይቭ በመቀነሱ የዘገየው አንዳች ነገር የለም፤ ቀድሞም ፍጥነቱን የወሰነው ዲስኩ እንጂ የድራይቭ ብዛት አልነበረምና። ሰርቨሮቹ በአንድነት በሴኮንድ 240 ሜጋባይት ስለሚልኩ 3.6 ቴራባይቱን በ4 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ጨርሰው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ላይ ያቆማሉ። የሰርቨሮቹ መስመር ግን አንድ ጊጋቢት ብቻ ከሆነ በሴኮንድ የሚያሳልፈው 110 ሜጋባይት ገደማ ስለሆነ፣ ድራይቭ ከመግዛት በፊት መስመሩን ማስፋት ይቀድማል።

ከሌሊቱ 7 ሰዓት በኋላ ነጻ የሚሆኑት ሁለቱ የዳታቤዝ ድራይቮች አይፈቱም። አንዱ እያነበበ ሌላው እየጻፈ፣ ወደ ሌላ ከተማ የሚላከውን ሁለተኛውን ቅጂ በ6 ሰዓት ያዘጋጃሉ። ሥራው ከቴፕ ወደ ቴፕ ስለ ሆነ እስከ ጧቱ 1 ሰዓት ቢደርስም የቀኑን ሽያጭ አያሰናክልም።

በዚህ ስሌት አንድ ጥንቃቄ ይጨመራል። ከአራቱ ድራይቮች አንዱ የተበላሸ እንደ ሆነ ወሰኖቹ ለአራት ተጽፈው እንዳይቀሩ ወዲያው መከለስ አለባቸው። በዚያን ጊዜ የሚቀነሰው ከዳታቤዙ ሁለት አንዱ ነው እንጂ ለመመለስ የተጠበቀው አይደለም። ዳታቤዙ በአንድ ድራይቭ በሴኮንድ 360 ሜጋባይት ቢጻፍ ከ4 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ያልበለጠ ጊዜ ስለሚወስድ ሌሊቱ ይበቃዋል።

ካርትሪጁ የት ይቀመጥ?

በደንብ የተጻፈ ቴፕ ከሰርቨሩ ጋር በአንድ ክፍል ከተቀመጠ አንድ እሳት ወይም አንድ ዘረፋ ሁለቱንም ይወስዳቸዋል። በሙያው የታወቀው ደንብ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ በሌላ ቦታ የሚል ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ ደሴ የሆነ ድርጅት ሁለተኛውን ካርትሪጅ አዲስ አበባ፣ የመካነ ሰላሙ ደግሞ ደሴ ወይም ባሕር ዳር ቢያስቀምጥ ደንቡን ፈጸመ። ይህን በኢንተርኔት መስመር ለማድረግ ቢታሰብ፣ 5.4 ቴራባይት በሴኮንድ 20 ሜጋቢት በሚያሳልፍ መስመር ለመላክ 25 ቀን ይፈጃል፤ አንድ ካርትሪጅ ግን በአደራ ሲላክ ከመካነ ሰላም ደሴ በአንድ ቀን ይገባል።

ካርትሪጁ በመንገድ እንዳይጠፋ የሚያሳስበው ድርጅት በምስጢር ቍልፍ ሊቆልፈው ይችላል፤ ከአራተኛው ትውልድ ጀምሮ የኤል ቲ ኦ ድራይቮች ይህን በራሳቸው ያደርጋሉ። ነገር ግን ቍልፉ የጠፋበት ቴፕ ከተቃጠለ ቴፕ ስለማይለይ፣ ቍልፉ ከካርትሪጁ ተለይቶ በሁለት ቦታ ይቀመጥ። የደጋው አየር ቀዝቃዛ መሆኑ ለቴፕ ይስማማዋል፤ የሚጎዳው የበጋ አቧራና የመብራት መቆራረጥ ነው። ስለዚህ ካርትሪጁ በሣጥኑ ውስጥ ይቀመጥ፤ ድራይቩም በባትሪ መደገፊያ ይሥራ።

የሚቆይበትም ዘመን በሕግ የታሰበ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 983 መዝገብ የመያዝ ግዴታ ያለበት ታክስ ከፋይ ሰነዶቹን ቢያንስ 5 ዓመት እንዲያቆይ ያዛል። ስለዚህ ካርትሪጆችን በየሳምንቱ እየደመሰሱ ከመጻፍ ሌላ፣ የበጀት ዓመቱ በተዘጋ ቍጥር አንድ ካርትሪጅ ለይቶ በስሙና በዓመቱ ጽፎ ማኖር ይገባል።

ሳይሞከር የተቀመጠ ቅጂ

በጥር 2009 ዓ.ም. ጊትላብ በተባለ ኩባንያ አንድ ሠራተኛ በድካም ላይ ሳለ የዋናውን ዳታቤዝ ማኅደር በስሕተት ደመሰሰ። ኩባንያው አምስት ዓይነት የመጠባበቂያ ዘዴ ነበረው፤ ይሁን እንጂ ሲፈለግ ብዙዎቹ ወይ አይሠሩም ነበር ወይም ጭራሹን አልተተከሉም ነበር፤ በየቀኑ ሊጻፍ የሚገባው ቅጂ ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ የመክሸፉንም ማስታወቂያ የሚያደርሰው ደብዳቤ አልደረሰም ነበር። ኩባንያው የዳነው አንድ ሠራተኛ ከስድስት ሰዓት በፊት ለሌላ ሥራ ብሎ በወሰደው ቅጂ ነው፤ የስድስቱ ሰዓት መዝገብ ግን ጠፍቶ ቀረ።

ይህ የሚያስተምረው ወሰን ማድረግ ብቻ እንደማይበቃ ነው። ቢያንስ በየሦስት ወሩ አንድ ጊዜ፣ ለመመለስ በተጠበቀው ድራይቭ አንድ ካርትሪጅ አግብቶ ዳታቤዙን በሌላ ኮምፒዩተር ላይ መመለስ፣ ምን ያህል ሰዓት እንደ ፈጀም መጻፍ ያስፈልጋል። ባለቤቱም ሪፖርት ሲጠይቅ «ቅጂ ተወስዷል ወይ?» ብሎ አይጠይቅ፤ «የትኞቹ ሥራዎች ትናንት ወደቁ? ለመጨረሻ ጊዜ የተመለሰውስ መቼ ነው?» ብሎ ይጠይቅ።

ለባለሱቁስ?

በመካነ ሰላም፣ በአቀስታ ወይም በአጅባር አንድ ሱቅ ያለው ነጋዴ የቴፕ ድራይቭ አያስፈልገውም፤ ዋጋውም ከጥቅሙ ይበልጥበታል። ደንቡ ግን ያው ነው። ሁለት ተነቃይ ዲስክ ገዝቶ በየሳምንቱ እያፈራረቀ መገልበጥ፣ አንዱን በቤቱ ወይም ከሱቁ ርቆ በሚኖር ዘመዱ ዘንድ ማኖር፣ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ከኮምፒዩተሩ ጋር አለማያያዝ ይበቃዋል። የዱቤ መዝገቡን በወር አንድ ጊዜ በወረቀት ቢያሳትም ደግሞ መብራትም ኢንተርኔትም በሌለበት ቀን ይረዳዋል። ብዙ አባላት ያሉት የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ወይም በአንድ ከተማ ያሉ ጅምላ ነጋዴዎች በጋራ አንድ የቴፕ መሣሪያ ቢገዙ፣ ከፍ ብሎ የተገለጸው ድልድል ይበልጥ ያስፈልጋቸዋል፤ በዚያን ጊዜ ማን ስንት ድራይቭ፣ በስንት ሰዓት እንደሚይዝ በጽሑፍ ስምምነት ማኖር የጎረቤትን ሰላም ይጠብቃል።

ማሽንና ካርትሪጅ በገንዘብ ይገዛሉ። የአሥር ዓመት የዱቤ መዝገብ ግን የሚሸጥበት ገበያ የለም። ዛሬ ጧት ሥራ የሚጀምር ድርጅት ሁሉ ድራይቮቹ ስንት እንደ ሆኑ፣ ማን እንደ ያዛቸውና ትናንት ሌሊት ተራ ሳይደርሰው የወደቀው ሥራ የትኛው እንደ ሆነ ቢመለከት፣ ግማሹን መንገድ ሄደ ማለት ነው።